ስመለስ አያታለሁ

ሚያዝያ 20

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ትህትና ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰችኝ።

«ተነስ፣ ሶፍት የሚይዝልኝ ሰው የለም።»

«ፊዚክስ ፈተና አለብኝ።»

«ፊዚክስ እኮ ነው የማሳይህ!»

መልስ አታጣም። ተነሳሁ።

ሥራው ቀላል ነው፤ የሚያሰለቸውም ለዚያ ነው። ሶፍቱን አራት ቦታ ታጥፋለች፣ አንዱን ጥግ በጥርሷ ትቀድዳለች፣ ከዚያ የቡናው ቅጠል ላይ በአውራ ጣቷ ጫን ታደርገዋለች። ሶፍቱ ከራሰ ቅጠሉ ገና እርጥብ ነው። ካልራሰ ደርቋል። ትንሽ ቆይታ እንደገና… ዝናቡ ካባራ በኋላ የቡና ቅጠል ምን ያህል እርጥብ ሆኖ እንደሚቆይ ነው የምታጠናው። የመመረቂያ ጽሑፏ ነው። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ በቆየ ቁጥር ለቡና ፍሬ በሽታ ይመቻል አለችኝ።

«ጥጉን ለምን ትቀድጂዋለሽ?»

«የኔን ሶፍት ከሌላ ሰው እንድለይ።»

«ደግሞ ሌላ ማን አለ ሶፍት ይዞ ቡና ውስጥ የሚዞር?»

ሳቀች። ስትስቅ ከቅርንጫፉ ላይ ውሃ አንገቷ ላይ ወረደባት፣ እኔም ሳቅሁ።

ቅጠሉ ሳይደርቅ ቡና ውስጥ አይገባም። እዚህ ጅሬን የተወለደ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። የረጠበ ልብስ በሽታውን ከአንዱ ቡና ወደ ሌላው ያዳርሳል። እሷ ግን ላስቲክ ለብሳ ነው የምትገባው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድም ላስቲኳን በጨርቅ ትጠርጋለች። ጎረቤታችን ኦቦ ኑሪ በአጥር በኩል አይተውን ቆሙ።

«ቅጠል ሲደርቅ ለማየት ነው ዩኒቨርሲቲ ያስገቡሽ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት እሱን አይደል? ለኔም ዲግሪ ይስጡኛ!»

«እርስዎማ ፕሮፌሰር ነዎት፣ ኦቦ ኑሪ።»

«ኤዬ! ለሚስቴ ንገሪልኝ። ማገዶ ፍለጥ ነው የምትለኝ።»

ከሁሉም መጨረሻ የምትደርቀው ከታች ቦዩ አጠገብ፣ ዋንዛው ጥላ ሥር ያለችው ቡና ናት። ቀይ ክር አስራባታለች። «ይቺ እንዳንተ ሰነፍ ናት» አለችኝ።

ፈተናው ከበደኝ።


ሚያዝያ 23

ዘነበ። ቀይ ክር ያሰረችባት ዛሬም አልደርቅ አለች። ትህትና እሷን ስትጠብቅ አረፈደች። ዩኒቨርሲቲ ከአማካሪዋ ጋር ቀጠሮ አላት። እኔ ጫማዬን ሳስር ወጥ ቤቱ በር ላይ ላስቲኳን እያወለቀች ለእማዬ ስትነግራት ሰማሁ። «ይቺ አልደረቀችም፣ ስመለስ አያታለሁ።»

ትምህርት ቤት፣ እረፍት ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። የክፍል ጓደኛዬ ሙርሺድ ብስኩቴን ሰረቀኝ። አይቼዋለሁ።


ግንቦት 5

ድንኳኑ ፈረሰ። እድርተኞቹ ወንበራቸውን ጭነው ሄዱ። ቤቱ ሰፋ።

ደግሜ የምጽፍ አልመሰለኝም ነበር። ግን የመጨረሻው ነገር የብስኩት ወሬ ሆኖ ይቅር? አልቻልኩም።

ያን ቀን ነው። ትህትና የተሳፈረችበት ባጃጅ ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራተተ። አስፋልቱ እርጥብ ነበር። ሾፌሩ ተረፈ። ልቅሶ መጥቶ መግባት ፈርቶ ከድንኳኑ ውጪ ጭቃ ላይ ቆመ። እጁን ይዛ ያስገባችው እማዬ ናት። ልጅ ነው፣ ከኔ ብዙም አይበልጥም።

የሶፍት ፓኮዋ የዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ስታስይዘኝ ሳልመልስላት ወጥቼ… አንድ ቀርቶበታል። በሱ አልጠቀምም።

ከሰዓት በኋላ ቡናው ውስጥ ወረድኩ። ምክንያት የለኝም። ሁሉም ደርቋል። ቀይ ክር ያላት ግን እርጥብ ናት። ዋንዛው አንጠባጥቦባት ይሆናል።


ግንቦት 9

ሁለት ቀን ጠብታ አልጣለም። ቀይ ክር ያላትን ቡና ጠዋት ረጥባ ሳያት ጤዛ ነው አልኩ። ለምሳ ከትምህርት ቤት ስመጣ ሄጄ አየኋት። ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል። ሌሎቹ ቅጠላቸው አቧራ ለብሷል። እሷ ከላይ እስከ ታች ርሳለች። የዋንዛውን ቅጠል ዘልዬ ነካሁት፣ ደረቅ ነው። ከሱቅ በገዛሁት ሶፍት ጫን አደረግሁ። ሶፍቱ ጠቆረ።

እንደ ትህትና ያዝኩት? አዎ፣ እንደሷ ነው የያዝኩት።

ምሳ ላይ አባዬ «ሰማያዊው ጆግ የት ሄደ?» አለ። ውሃ የምንጠጣበት ነው። በብርጭቆ ከባልዲ ቀድቶ ጠጣ።


ግንቦት 12

ለሙርሺድ ነገርኩት። እስኪስቅ ጠበቅሁ፣ ሳቀ።

«ብሮ፣ ቡና ረጠበ ብለህ ነው ከክፍል ያስወጣኸኝ?»

ይዤው መጣሁ። ዛሬም አልዘነበም። ከቦዩ ማዶ ቆሞ ጣቱን ዘርግቶ አንዷን ቅጠል ነካ። ጣቱን አየው። አጠገቧ ያለችውን ቡና ነካ። እንደገና ጣቱን አየው።

«እህትህ ምን ብላ ነበር የሄደችው?»

ነገርኩት።

«ስመለስ አያታለሁ?»

«ስመለስ አያታለሁ።»

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ደጋግሞ ጠረገ። «ወላሂ ሁለተኛ አልነካትም። አንተም ተው። ቡናዋ እየጠበቀቻት ነው፣ አይገባህም?» ብሎ ሮጠ። ኳስ ሲጫወት እንኳ እንደዚያ ሮጦ አያውቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወር ሙሉ እስቅበት ነበር።


ግንቦት 18

ቀይ ክር ያላት ቡና ፍሬዎቿ ጠቆሩ። አረንጓዴው ፍሬ ላይ መጀመሪያ ትንሽ ነጥብ ይወጣል፣ ከዚያ ነጥቡ ጎድጎድ ይላል፣ ከዚያ ፍሬው ሙሉ በሙሉ ይከስላል። አባዬ አንዱን ቆርጦ በጥፍሩ ሰነጠቀው። ውስጡም ጥቁር ነው።

«የፍሬ በሽታ ነው» አለ። ከልቅሶው ወዲህ ብዙ ቃል ሲናገር ዛሬ ሰማሁት። «አርባዋ ይውጣና እንጎነድላታለን።»

መጎንደል ማለት ከሥሯ ትንሽ አስቀርቶ በመጋዝ መቁረጥ ነው። እማዬ ከኋላችን ቆማ ነበር።

«ልጄ ክር ያሰረችባትን?»

«እንተዋት? ሁሉንም ትጨርሰዋለች እኮ፣ ያለምወርቅ።»

«እርጥብ ናት። እርጥብ ቡና መጋዝ ያስነኩታል?»

እውነቷን ነው። እርጥብ እያለ ከቆረጡት በሽታው በቁስሉ ይገባል፣ ሥሩም ይሞታል። ደረቅ ቀን መጠበቅ አለበት። እማዬን አየኋት። ፊቷ ላይ… ምን ነበር? ያሸነፈ ሰው ፊት ነበር። ፈራሁ።

እንድትቆረጥ አልፈልግም። እንዲያልቁም አልፈልግም። አንድ ጊዜ ብቻ ደርቃ ላያት ነው የምፈልገው። ትህትና ሳታየው የቀረችውን አንድ ጊዜ ላይላት።


ግንቦት 22

በሽታው ሌላ ያዘ። ከቀይ ክሯ ከፍ ብሎ ያለውን፣ ቀጥሎም ከሱ ከፍ ያለውን። ግራና ቀኝ ያሉት ጤነኞች ናቸው።

ኦቦ ኑሪ መጥተው አዩ። ጎንበስ ብለው ከታች እስከ ላይ ተመለከቱ። ቡናችን ተዳፋት ላይ ነው። ቤታችን ከላይ፣ ቦዩ ከታች።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ በሽታ በውሃ ነው የሚሄደው። ውሃ ወዴት ይሄዳል?»

«ቁልቁል።»

«ይሄ ወዴት እየሄደ ነው?»

ወደ ላይ አየሁ። ከቀይ ክሯ ተነስቶ፣ በአንድ መስመር፣ ሽቅብ። መጨረሻው የወጥ ቤታችን በር ነው።

«ሱብሃነላህ» አሉ በለሆሳስ። ደህና ዋልም ሳይሉኝ ሄዱ።


ግንቦት 24

አንድ ተጨመረ።


ግንቦት 27

ከወጥ ቤቱ በር ሦስተኛዋ ቡና ላይ ነጥብ አየሁ።

ትህትና ከቡናው ስትመለስ የምትመጣው በዚህ ነው። ከቦዩ ተነስታ፣ በዚህ መስመር ወጥታ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ላስቲኳን ታወልቃለች። ላስቲኳ አሁንም በሩ ኋላ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ደረቅ ነው። ነካሁት። ሁለቴ ነካሁት።

የምጽፈው ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን እየመጣች ቢሆንስ? ቢሆን ደስ ይለኛል? ማታ ይህን ስጠይቅ መልሱ አዎ ነበር። ጠዋት ጥቁሩን ፍሬ ሳየው… አላውቅም።


ሰኔ 1

አወቅሁት።

ጎህ ሲቀድ የወጥ ቤቱ በር ሲንቋቋ ነቃሁ። በመስኮቱ አየሁ። ጉም ወርዷል። ጉሙ ውስጥ ነጭ ነገር ቁልቁል ይሄዳል። እግር አይታይም፣ ራስ አይታይም። ነጭ ብቻ። እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም፣ በባዶ እግሬ ነበርኩ።

እማዬ ናት። ነጠላዋ ነው ነጩ። ሰማያዊውን ጆግ ይዛለች። ቀይ ክሯ ዘንድ ቆማ፣ እጇን ጆጉ ውስጥ እየነከረች፣ እያንዳንዷን ቅጠል ታብሳለች። ከላይ፣ ከታች። የሕፃን ፊት እንደሚታጠበው አድርጋ።

«እማዬ።»

አልደነገጠችም። «ቀስ በል፣ ትቀሰቅሰዋለህ» አለች። አባዬን ማለቷ ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ስመለስ አያታለሁ አላለችም? አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ከደረቀችማ ምን ልታይ ትመለሳለች?»

የቀሚሷ ጫፍ እስከ ጉልበቷ ርሶ እግሯ ላይ ተጣብቋል። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ስታቀርብ ርሶ ሳየው ኖሬያለሁ፣ ከጓሮ ሳር ነው እያልኩ። ጆጉን ጨርሳ ሽቅብ ወጣች፣ በዚያው መስመር፣ ቀሚሷ ቡናዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ…

ያኔ ገባኝ። ሽቅብ የሚመጣው ምን እንደሆነ።


ሰኔ 2

አርባዋ። ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ሰው፣ ከዚያ ሳህን ማጠብ። አባዬ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጦ መጋዝ ይስላል። ማንም አልጠየቀውም። ድምፁ ከጸሎቱ ጋር ተደባልቆ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

ለአባዬ ልንገረው? ብነግረው ዛሬውኑ ይቆርጣታል። ባልነግረው ቡናው ያልቃል። ሁለቱንም በእማዬ ላይ ማድረግ አልችልም።


ሰኔ 4

ለአባዬ አልነገርኩም። ለራሷ ለእማዬ ነገርኳት።

ቅጠሉ ሲደርቅ እጇን ይዤ ወረድኩ። ከታች ጀምሬ እያንዳንዱን የጠቆረ ፍሬ እያሳየሁ ሽቅብ ይዣት ወጣሁ። ከወጥ ቤቱ በር ሦስተኛዋ ስንደርስ ቆመች። ዞር ብላ የመጣንበትን አየች። ከዚያ ቀሚሷን አየች።

«እኔ ነኝ?»

«አዎ።»

«እኔ ነኝ ያመጣሁት…» ቅጠሉ ሳይደርቅ ቡና ውስጥ አይገባም ብላ ልጅ ሆነን በአለንጋ ያባረረችን እሷ ናት። ረስታው ነበር? አልረሳችውም። እሱን የምታስብበት ቦታ አልቀራትም።

ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። «እንግዲህ ትድረቅ» አለች። ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ ሰማኋት፣ ልቅሶው ላይ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም። ከቤት አባዬ ወጥቶ አየን። ሳይጠይቅ አጠገቧ ተቀመጠ።


ሰኔ 7

አክስቴ ጥሩወርቅ ከአጋሮ መጥታ እማዬን ወሰደቻት። ለሳምንት። «አየር ትለውጥ» አለች። አየሩ ያው አንድ ነው፣ ግን እሺ።

ስትወጣ ጆጉን እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ደብቀው።» አልጋዬ ሥር ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ የለም። አሁን እየደረቀች መሆን አለባት።


ሰኔ 8

እርጥብ ናት።


ሰኔ 9

እማዬ አጋሮ ናት። አባዬ በጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሥራው ሄዷል። ጆጉ አልጋዬ ሥር ነው፣ ውስጡ ሸረሪት ድር ጀምሯል። ዝናብ የለም። ጤዛ የለም፣ ሣሩን በእጄ ዳብሼዋለሁ። በምሳ ሰዓት ቆሜ ጠበቅሁ። ከቅጠሎቿ ጫፍ ይንጠባጠባል። ጠብ… ጠብ…

በእማዬ ያሳበብኩት ሁሉ ከንቱ ሆነ። ወይስ ሁለቱም ነበሩ?

አባዬ ማታ መጋዙን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «ዛሬስ?» አለኝ። «እርጥብ ናት» አልኩት። አላመነኝም መሰለኝ። ወርዶ ነክቶ ተመለሰ። እጁን ታጥቦ ተኛ። ውሃ ከነካ በኋላ እጁን በውሃ ታጠበ።

ነገ ካልደረቀች አንድ ነገር እነግራታለሁ። ለቡናዋ ሳይሆን… ለማን እንደሆነ አውቃለሁ።


ሰኔ 10

ነገርኳት። ቦዩ ማዶ ቆሜ። «ትህትና፣ ሁሉንም እየጨረሰ ነው። ወይ ነይና እያት ወይ ተያት» አልኩ። ድምፄ እንደ ሕፃን ሆነ። ምንም አልሆነም። አንዲት ጉሬዛ ከዋንዛው ላይ አየችኝ።


ሰኔ 11

እንዳይረሳኝ አሁኑኑ ልጻፈው።

ሌሊቱን የወረደው ዝናብ ቆርቆሮውን ሊነቅለው ነበር። ሲነጋ አባራ። የትህትናን ላስቲክ ከሚስማሩ አውርጄ ለበስኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጨርቅ ያዝኩ። ከወጥ ቤቱ በር ጀምሮ ሁሉም ያንጠባጥባል። የነካሁት ሁሉ ይረጨኛል። ቦዩ ሞልቶ ይጮሃል። ዋንዛው ራሱ ሌላ ዝናብ ያዘንባል።

ቀይ ክሯ ደረቅ ናት።

ዙሪያዋ ያለው መሬት ጭቃ ነው። ክሩ ራሱ ርሶ ይንጠባጠባል። ቅጠሎቿ ግን ደረቅ። አንዷን በጣቴ ሳሻት ተንኮሻኮሸች።

በትህትና ደረት ልክ፣ ሁልጊዜ በምትመርጣት ቅርንጫፍ ላይ፣ አንዷ ቅጠል ላይ ሶፍት ተለጥፏል። አራት እጥፍ። አንዱ ጥግ ተቀዷል። ደረቅ።

ላስቲኩ እኔ ላይ ነው። እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ሁልጊዜ የምይዘውን የትህትናን ፓኮ አወጣሁ። አንድ ቀርቶበት ነበር፣ በሱ አልጠቀምም ብዬ…

ፓኮው ባዶ ነው።

ዞር ስል አባዬ መጋዝ ይዞ ከኋላዬ ቆሟል። አጠገቧ ያለችውን ቡና ነካ፣ እጁ ራሰ። ሱሪው ላይ ጠረገና ቀይ ክሯን ነካ። እጁን ገለበጠ። አየው። ከዚያ ሶፍቱን አየ።

«አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

ባርኔጣውን አወለቀ። ሰው ለጠየቀው ሰው እንደሚመልስ ቀና ብሎ «ደርቃለች» አለ። ለኔ አልነበረም ያለው።

ሶፍቱን አንስቶ ሰጠኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቆረጣት። መጋዙ በቀላሉ ሄደ። ስትወድቅ ከቅጠሎቿ አንድ ጠብታ አልወጣም።


ሰኔ 14

እማዬ ተመለሰች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ቁልቁል አየች። ቦታው ክፍት ሆኗል፣ ቦዩ ከዚህ ይታያል።

ዞር ብላ አየችኝ። «አየቻት?»

«አየቻት።»

እንዴት ብላ አልጠየቀችም። ሶፍቱን ላሳያት አሰብኩ፣ አላሳየኋትም። እጄ ኪሴ ውስጥ እንደሆነ አይታለች፣ ምን እንደያዝኩ የገባት ይመስለኛል። ጆጉን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁላት። የሸረሪቱን ድር በአመድ አሽታ አጠበችው፣ ሞላችው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ምሳ ላይ አባዬ ቀድቶ ጠጣ። ለእሷም ቀዳላት።


ሐምሌ 3

ትምህርት ተዘግቷል። ፊዚክስ አለፍኩ፣ ለጥቂት።

በሽታው ከወጥ ቤቱ በር ሦስተኛዋ ላይ ቆሟል። አባዬ የታመሙትን ሁሉ ደረቅ ቀን እየጠበቀ ጎነደላቸው። ኦቦ ኑሪ አንዱን እያገዙት «ፕሮፌሰሯ ብትኖር ትስቅብን ነበር» አሉ። አባዬ ሳቀ። ትንሽ ነው፣ ግን ሳቀ።

ጠዋት ዘነበና አባራ። ሙርሺድ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ጮኸ። «ብሮ! የመንደራ ቆጪ ሰፈር ልጆች ለኳስ እየጠበቁን ነው፣ አንተን በረኛ ልናቆምህ ነው፣ ውሃ ለመያዝ ልምድ አለህ!» ውሻ። ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩበት። ሳትኩት።

ቡናው ገና ያንጠባጥብ ነበር። መቼ እንደሚደርቅ ቆሜ አላየሁም።

እማዬ ወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና «ማርያም ትከተልህ። መቼ ነው የምትመጣው?» አለች።

«ስመለስ…» ልል ነበር። ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«ለምሳ እዚህ ነኝ» አልኳት።

በባጃጅ ሳይሆን በእግሬ ወረድኩ። ለምሳ ደረስኩ።